ሠርጌን ያየሁት በፕሮጀክተር ነው

ሰው ቶሎ የሚወደኝ ዓይነት አይደለሁም። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ከሚሴ ገብታችሁ "ድንኳን አከራዩ ሁሴን እንዴት ያለ ሰው ነው?" ብላችሁ ያገኛችሁትን ባጃጅ ነጂ ብትጠይቁት ሒሳብ ሳይቀበላችሁ ይነግራችኋል። አፌ አይመርጥም። ፊደል የለየሁት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ከዚያ በፊት ሰው ያነበበልኝን ሁሉ አምኜ ስለኖርኩ፣ ማንበብ የቻልኩ ዕለት የጀመርኩት ሁሉንም መጠራጠር ነበር። ሁለት ጊዜ አግብቼ ሁለት ጊዜ ፈትቻለሁ። የሌላውን ሠርግ ድንኳን እየተከልኩ፣ ሙሽራው ሲስቅ ባየሁ ቁጥር በሆዴ "ቆይ፣ ታየዋለህ" እያልኩ የምኖር ሰው ነበርኩ።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጉድ የሆነው። ነገሩ የተጀመረው ግን ከወራት በፊት ስለሆነ ከዚያ ልነሳ።

የማሽላው አጨዳ እንዳለቀ ከአዲስ አበባ ፊልም ሠሪዎች መጡና ከከተማው ወጣ ብሎ ጨፋ ሜዳ ላይ ሰፈሩ። የፊልሙ ዋና ሰው በመንገዱ ላይ የገጠር ሠርግ ያጋጥመዋል፤ ለዚያች ሠርግ ድንኳኔን ተከራዩ። ድንኳን ተገኘ፣ በሬ ተገኘ፣ አጃቢ ተገኘ። ሙሽራ ግን ጠፋች። ዳይሬክተሩ ቤት ለቤት ቢዞር አንድም አባት እሺ አላለውም። "ልጄ በፊልም ተድራ ነገ በእውነት ማን ይወስዳታል?" ይሉታል። ትክክል ናቸው። እኔም ልጅ ቢኖረኝ አልሰጥም ነበር።

የሙሽራዋን ልብስ የሰፋችው ዘሃራ ነበረች። ዘሃራ ገበያው ዳር የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የምትውል ፈት ሴት ናት። ጭቅጭቁን ስትሰማ ቆይታ ክሯን በጥርሷ በጠሰችና "እኔን የሚከለክለኝ አባት የለም። ልብሱንም በኔ ልክ ነው የሰፋሁት፤ አምጡት እለብሰዋለሁ" አለች።

አባት ባይኖራትም ወንድም አላት። መሐመድ ኑር በርበሬ ነጋዴ ነው፤ ኩራቱ ከበርበሬው ይበልጥ ያስነጥሳል። ሮጦ መጣ። ይጮኻል ብለን ስንጠብቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዳይሬክተሩን "ትሁን፣ ግድ የለም" አለው። "ግን እህቴን ባዕድ ሰው አይድራትም። በውሸትም ቢሆን የምድራት እኔ ነኝ።"

ዳይሬክተሩ ደስታውን አልቻለውም። ወንድም የሚሆን ተዋናይ ከመፈለግ ተገላገለ።

የቀረው ሙሽራው ነው። ከደሴ ይመጣል የተባለው ወጣት መንገድ ላይ መኪና አዙሮት እንደ ጨርቅ ተጠቅልሎ ደረሰ። ዳይሬክተሩ ግራ ቀኝ ሲያይ የድንኳን ካስማ የምመታውን እኔን አየ።

"አንተ፣ ጢምህ ጥሩ ነው። ና ተቀመጥ።"

"አልችልበትም።"

"ምንም አትሠራም። ፊትህን አኮሳትረህ መቀመጥ ብቻ ነው።"

"እሱንማ ከእናቱ ሆድ ይዞት ነው የወጣው" አለች ዘሃራ ከሴቶቹ በኩል። ሰው ሁሉ ሳቀ። እልህ ያዘኝና ካስማውን ጥዬ ተቀመጥኩ።

እኔና ዘሃራ እንዲህ ነበርን። ድንኳኖቼን የምትሰፋው እሷ ናት። "ስፌትሽ ይተረተራል" እላታለሁ። "ስፌቴማ ደህና ነው፤ ድንኳኑ የሚተረተረው ሥሩ ቆመህ ሙሽሮቹን ስለምትረግም ነው" ትለኛለች። ትንሽ ቀዳዳ በታየች ቁጥር ድንኳኑን ጠቅልዬ ወደሷ እሮጥ ነበር። ለምን እንደምሮጥ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። እንደምትንቀኝ ግን እርግጠኛ ነበርኩ።

ኒካሁን፣ የጋብቻ ውሉን አሰሩን። ጥምጣም ያደረገ ተዋናይ መሐላችን ተቀመጠ። እጄ በመሐመድ ኑር እጅ ውስጥ ነው፤ ካሜራው በሱ ትከሻ ላይ አሳልፎ እኔን ያየኛል። ዘሃራ ከኔ ጀርባ፣ ከመጋረጃ ወዲያ ከሴቶቹ ጋር ናት። ለምስክርነት በሬውን ያመጡት ሁለት የጨፋ ገበሬዎች ተቀመጡ፤ አንደኛው አባ ጀማል ናቸው።

"በፊልሙ ስሟ ሐሊማ ነው። 'እህቴን ሐሊማን ድሬሃለሁ' በል" አለ ዳይሬክተሩ።

"ሐሊማ የምትባል እህት የለችኝም" አለ መሐመድ ኑር። "የሌለችኝን እህት አልድርም። ዘሃራ ናት።"

ተለመነ፤ እምቢ አለ። ዳይሬክተሩ ፀሐይ ልትጠልቅበት ስትል "ዘሃራ በል እሺ፣ ዘሃራ በል" ብሎ ተሸነፈ።

"መህሩስ? ጥሎሹስ?" አለ ባለ ጥምጣሙ።

ማንም ምን እንደምል አልነገረኝም። አፌ ላይ የመጣው "አዲሱ ድንኳኔ" የሚል ነው። ሰው ሳቁን አፈነ። መሐመድ ኑር እጄን ጨብጦ "እህቴን ዘሃራን ድሬሃለሁ" አለ። እኔም "ተቀብያለሁ" አልኩ። ዳይሬክተሩ አመሰገነን፣ ድንኳኔን ነቅዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። ነገሩ በዚያ አለቀ ብዬ።

ከወራት በኋላ የፊልሙ ቁራጭ በስልክ ተዳረሰ። የከሚሴ ሰው እርስ በርሱ ሲላላከው ምስሉ ደቅቆ ደቅቆ እኔ ጥርብ ድንጋይ መስዬ ቀርቻለሁ፤ ከኋላዬ ነጭ ነገር አለ፣ መጋረጃ ይሁን ሰው የሚለየው የለም። እኔም አይቼ ተውኩት።

ያን ሰሞን ኢድሪስ የሚባል ወጣት የአባቱን የማሽላ መጋዘን ሲኒማ ቤት አደረገው። አግዳሚ ደረደረ፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ነጭ ሸራ ወጠረ፣ በሩ ላይም "እጅግ ጥራት ባለው ዲጂታል ፕሮጀክተር" የሚል ጽሑፍ ለጠፈ። ቆሜ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ማስታወቂያ የማነበው ለመከራከር ነው። መክፈቻው የኛው ፊልም ሆነ። እንግዲህ ቅዳሜዋ መጣች።

ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ መጋዘኑ ጢም አለ። ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ። የመስጊዳችን ሸህ አደም ሳይቀሩ መጥተው በሩ አጠገብ ወንበር አስመጡ። "እኔ ፊልም ልመለከት አልመጣሁም፤ እናንተን ልመለከት ነው" አሉ። ግን መነጽራቸውን ወልውለው ነበር።

ፊልሙ ተጀመረ። ጌታዬ፣ ጭጋግ ነው። ሰዉ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ከቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳዎች የሚገባው ፀሐይ ሸራው ላይ እንደ ፈንጣጣ ተበትኗል። ጥቁር በሬ ግራጫ ሆኗል። ደግሞ ሰዉ ምንም አይልም። በቪዲዮ ቤት ዘመን ከምስሉ ይልቅ ድምፁን ሰምቶ መሳቅ የለመደ ሕዝብ ነው።

"ኢድሪስ" አልኩ ጮክ ብዬ፣ "ይሄ ጥራት ያልከው ነገር መቼ ነው የሚጀምረው?"

"አያ ሁሴን፣ ማሽኑ አዲስ ነው" አለኝ ከላይ፣ ማሽኑን ካስቀመጠበት ሰገነት።

"ማሽኑን አይደለም የማየው፣ ፊልሙን ነው። እሱንም አላየሁትም።"

"ዝም በል እስቲ፣ ይታያል" አለኝ ከጎኔ የተቀመጠው።

"ምን ታየህ?"

"ሰው።"

"ማነው?"

አሰበ፣ አሰበና "ሰው ነዋ" አለ።

የኛ ሠርግ መጣች፣ አለፈች። አመድ የነፉበት ሙሽራ አየሁ፤ ከኋላዬ እንደ ስልኩ ነጭ ነገር። ከሰዓቱ የአስር ሶላት አዛን ሲደርስ ኢድሪስ ፊልሙን አቆመና ሰው ለሶላት ወጣ።

ስንመለስ ኢድሪስ መሰላል ላይ ወጥቶ ፕሮጀክተሩን ከፍቶታል። ነገሩ ገባው። መጋዘኑን ከታች ጠርጎታል እንጂ የዓመታት የማሽላ ብናኝ ጣሪያው ላይ እንዳለ ነው። የማሽኑ ማራገቢያ ያን ብናኝ ስቦ ስቦ ሌንሱን አልብሶታል። ኢድሪስ በሸሚዙ እጅጌ ሊጠርገው ሲል ዘሃራ ከሴቶቹ አግዳሚ ተነሳች።

"በዚያ ጨርቅ መስተዋቱን ትጭረዋለህ። ይኸው በዚህ አድርገው" ብላ ከቦርሳዋ ለስላሳ የገበር ጨርቅ አውጥታ ሰጠችው። "ቀስ እያልክ፣ ከመሐል ወደ ዳር።"

እኔ ደግሞ ንዴቴ አልበረደም። ወይ ይታይ ወይ ይቅር ብዬ ወጣሁና ትልቁን ጥቁር የድንኳን ሸራዬን በባጃጅ አስመጥቼ፣ ጎረምሶች ጣሪያው ላይ አውጥቼ አለበስኩት። የሚስማሩ ከዋክብት አንድ በአንድ ጠፉ። መጋዘኑ ውስጥ እጅህን ዘርግተህ እጅህን አታይም።

ልብ በሉ። ጨለማውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሌንሱን ያስጠረገችው እሷ ናት። ማንም አላስገደደንም።

"ከሠርጉ ጀምርልን" አለ ሕዝቡ። "እኛ ያለንበትን።"

ኢድሪስ ከሠርጉ ጀመረ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ሸራው ግድግዳ መሆኑ ቀረ፤ መጋዘኑ በጨፋ በኩል ተከፍቶ ሜዳው ገባ። የበሬው ጥቁረት ጥቁር ሆነ፣ ላብ ያለው ጥቁር። የማሽላ አገዳው ቅጠል ላይ ያለው አቧራ ይቆጠራል። ሙሽራ ብለው ባሰሩልኝ ጥምጣም ላይ ዝንብ አለ፤ ዝንቡ እግሩን ያሻሻል። ሕዝቡ አበደ።

"ያ የኔ ጫማ ነው። ወላሂ የኔ ነው፣ ያ የተቀደደው።"

"ኧረ ያውልህ፣ ፋጡማ እያላመጠች። ሠርጉ ሳይጀመር ነው የበላችው።"

"አባ ጀማል፣ ጥርስዎ አንድ ብቻ ነው እንዴ?"

"ያኔ ሁለት ነበር" አሉ አባ ጀማል፣ እየሳቁ አንዷን እያሳዩ።

የኔ ፊት ሸራውን ሞልቶ መጣ። ሲያዩኝ ሳቁ ጣሪያውን አነሳው። እንደዚያ ያለ ኮስታራ ሙሽራ በወሎ ምድር አልታየም። እኔ ራሴ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከስንት ዘመን በኋላ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። በሳቅ መሐል የራሴን ድምፅ ሰማሁ። "ተቀብያለሁ።"

ያኔ ነው ከትከሻዬ በላይ ያለው ነጭ ነገር ሰው የሆነው።

መጋረጃው ጥቂት ተገልጧል። ዘሃራ ናት። ጀርባዬን እያየች ነው። "ተቀብያለሁ" ስል ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ "አልሐምዱሊላህ" አለ፤ ድምፅ የለውም፣ ግን እያንዳንዱ ፊደል ይነበባል። ከዚያ ፈገግታዋ መጣባትና የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ልትይዘው ታገለች። አልቻለችም።

የማሽኑ ማራገቢያ ብቻ ይሰማል።

"ዘሃራ" አለች አንዲት ሴት ከቀኝ በኩል፣ ቀስ ብላ፣ "ይሄ ትወና ነው?"



"አቁመው" አለ ከበሩ በኩል ድምፅ። ሸህ አደም ናቸው። "መልሰው። ከእጅ መጨባበጡ።"

ኢድሪስ መለሰው። ሸህ አደም ወንበራቸውን ትተው በወንዶቹ መሐል እየተራመዱ ሸራው ሥር ደረሱ። ጃንጥላ የሚያህለው የመሐመድ ኑር እጅ ፊታቸው ላይ እየተንቀሳቀሰ ነው።

"ይሄ እጅ የማን ነው?"

"የኔ ነው" አለ መሐመድ ኑር፣ ከተቀመጠበት እየሰመጠ።

"የአባቷ ልጅ ነህ?"

"የአባቷም የእናቷም።"

"'ዘሃራ' ያልከው አንተ ነህ? ሌላ ስም አልሰጡህም?"

"ሰጥተውኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።"

"ምስክርስ?"

"እኔ ነበርኩ" አሉ አባ ጀማል ተነስተው። "ዱጋ ነው ሸህ፣ እውነት ነው። በዓይኔ አይቼ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መህሩም ተጠርቷል፤ ድንኳን ነው።"

ሸህ አደም መነጽራቸውን ወልውለው ሸራውን ዳግም አዩ። "እናንተ ሰዎች" አሉ በመጨረሻ፣ "ኒካህ የሚቀለድበት ነገር አይደለም። የቀለደም ቢሆን እንደ ምር ነው የሚያዝበት። ዋሊው፣ ዳሪው፣ የገዛ ወንድሟ ነው፣ ስሙ የገዛ ስሟ ነው፣ ምስክር አለ፣ መህር አለ፣ ይህም ተቀብያለሁ ብሏል። ምን የቀረ ነገር አለ?"

ሳቁ ተመልሶ ሊፈነዳ ሲል እጃቸውን አነሱ።

"የቀረችው እሷ ናት። ልጃገረድ ብትሆን ዝምታዋ ይበቃ ነበር። አግብታ የፈታች ሴት ግን በአንደበቷ ነው የምትጠየቀው። ፈገግታ አይበቃኝም፣ የቱንም ያህል ጠርቶ ቢታይ።" ወደኔ ዞሩ። "መጀመሪያ አንተ። ተቀብያለሁ ስትል ልብህ ነበረበት?"

መጋዘኑ ሙሉ ወደኔ ዞረ። በጨለማ ውስጥ እንኳ ዞሮ ማየታቸው ይሰማኛል።

"ሸህ" አልኩ፣ "በሕይወቴ ያላመንኩበትን ተናግሬ አላውቅም። ሰው የሚጠላኝም ለዚሁ ነው።"

እውነቱን እንደተናገርኩ ያወቅኩት ከተናገርኩ በኋላ ነው። አሁን እምቢ ካለች፣ በቃ፣ ዕቃዬን ጭኜ ባቲ መግባት ነው ያለብኝ፤ ከሚሴ ውስጥ አንድም ሠርግ ላይ ደግሜ ካስማ አልመታም። ከዚያ በላይ ደግሞ ያ ፊት፣ ያ ሻሽ የነከሰ ፊት፣ የፊልም ሥራ ነበር ብትል ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር።

"ዘሃራ፣ ኮቱ፣ ወዲህ ነይ" አሉ አባ ጀማል።

"መብራት እንዳታበሩ" አለች ዘሃራ። ድምጿ ከሴቶቹ መሐል ነው። "ከዚሁ እመልሳለሁ።"

"መልሺ" አሉ ሸህ አደም። "በዚያ ቀን ፈቅደሽ ነበር?"

"ወንድሜ ለኒካሁ ከመቀመጡ በፊት ጠይቆኝ ነበር። እሺ ብዬዋለሁ።"

"ምን ብሎ ጠየቀሽ?"

ሸራው ላይ ግዙፏ ዘሃራ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች፤ ኢድሪስ እዚያው ላይ አቁሞታል።

"ወንድሜ የጠየቀኝ ስለ ፊልሙ ነው" አለች። "እኔ የመለስኩት ስለ ሰውዬው ነው።"

እልልታው ከቀኝ በኩል ተነሳ፣ ከዚያ ከግራም። ወንዶች እልል ሲሉ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አግዳሚ ተገለበጠ። ሰው ያቅፈኛል፣ ማን እንዳቀፈኝ አላውቅም፤ ስንት የተጣላሁት ሰው በጨለማ እንዳቀፈኝ አላህ ያውቃል። መሐመድ ኑር በሰው መሐል እየዋኘ ደረሰና አንገቴን ይዞ "ድንኳኑ የታለ?" አለኝ።

"ጣሪያው ላይ ነው" አልኩት። ደስታዬ አምታቶኝ የትኛውን ድንኳን እንደሚል አልገባኝም። ጥሎሹ አዲሱ ድንኳን ነበር።

ሸህ አደም ጥርጣሬ እንዳይኖር ኒካሁ ይታደስ አሉ፣ ዛሬውኑ፣ በመሐመድ ኑር ግቢ። መጋዘኑ በአንድ በር ፈሰሰ። ኢድሪስ ከላይ "ኧረ ፊልሙ አላለቀም፣ ዋናው ሰውዬ ገና ይሞታል" እያለ ይጣራል። የሚሰማው የለም። ዋናው ሰውዬ በጠራ ምስል ለባዶ አግዳሚ ሞተ። እስከ ዛሬ ከከሚሴ ሰው ማን እንደገደለው የሚያውቅ አላጋጠመኝም።

አንባቢዎቼ፣ ብዙ ጊዜ ሰዎች ስለ ሲኒማ ጥራት ሲያወሩ እሰማለሁ። ይህ ማሽን ከዚያ ይሻላል፣ ጥቁሩ ይጠቁራል፣ ፊቱ ይጠራል ይላሉ። ድሮ ብሰማ የሥራ ፈት ወሬ ነው ብዬ አልፍ ነበር። አሁን እከራከራለሁ። ምስል ሲደበዝዝ "ይታያል" ብሎ ዝም የሚልን ሕዝብ አልወደውም። ያ ሕዝብ ዝም ቢያሰኘኝ ኖሮ ዛሬም ቤቴ ብቻዬን ሻይ የማፈላ ነበርኩ። ደግሞ ተለወጥኩ ብዬ አልዋሻችሁም። አሁንም አፌ አይመርጥም፤ ባጃጅ ነጂዎቹም አሁንም ይረግሙኛል። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ሰው ናቀኝ ብዬ ከመደምደሜ በፊት ፊቱን አይቼ ነበር ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙውን ጊዜ አላየሁትም። ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የፈረድኩበት።

ያን ዕለት ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሳትገባ እጄን ለመሐመድ ኑር ሰጠሁ። ዘሃራ እንደ ወጉ ከኋላዬ ከሴቶቹ ጋር ናት። "እህቴን ዘሃራን ድሬሃለሁ" አለ፣ ለሁለተኛ ጊዜ። ሁሉም አፌን ይጠብቃል። እኔ እጄን ሳልለቅ አንገቴን ወደ ኋላ አዞርኩ።

"ወዲህ ነው የምትመልሰው፣ አንተ ሰው" አሉ ሸህ አደም።

"ይቆዩኝ ሸህ" አልኳቸው። "መጀመሪያ ልያት።"

አየኋት። ሻሿን አልነከሰችም።

"ተቀብያለሁ" አልኩ።